የቴስታታ ጓርኒሲዮን ደጋግሞ ሲሄድ፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ማግኛ መመሪያ

ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚገጠመው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቀየረ። የቴስታታው ገጽ ተላጠ። ጥቂት ወር ሳይሞላ ራዲያተሩ እንደገና ውሃ መጠጣት ጀመረ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ሌላ ጓርኒሲዮን መግዛት ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት። ለሁለተኛ ጊዜ የሄደ ጓርኒሲዮን ራሱ ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ያቃጠለው ነገር አሁንም መኪናው ላይ አለ፣ አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ይህ መመሪያ የብረት ብሎክና የአሉሚኒየም ቴስታታ ላላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖች የተጻፈ ነው። 2ኢ፣ 4ኤ ወይም 5ኤ ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሞተሩ ከልክ በላይ በሞቀ ቁጥር መሃል ያለው ጓርኒሲዮን በሁለቱ መካከል ይፈተጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፣ ወይም ካለው ጋራዥ ተዋሱ፦

- የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ከነጌጁ
- ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው የጋዝ መሞከሪያ
- ኮምፕሬሽን ጌጅ (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚለካ)
- ኮምፕሬሰርና በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ የአየር ማያያዣ
- ቴርሞሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ማርከር፣ ደብተር
- የሞተራችሁ የጥገና ማኑዋል

ሶስት ማስጠንቀቂያዎች። የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ ቀዝቃዛ እስኪሆን ጠብቁ። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የቀዳችሁትን ልጅና ውሻ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ሶስተኛው፣ ሱቅ የሚሸጠውን ቀዳዳ መድፈኛ አታፍስሱ። ምርመራውን ያበላሻል፣ ግማሽ የተደፈነውን ራዲያተርም ጨርሶ ይደፍነዋል።

ደረጃ 1፦ ታሪኩን በወረቀት አስፍሩ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ያለፈውን ጥገና ጻፉ። ጓርኒሲዮኑ መቼ ተቀየረ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? ብሎኖቹ አዲስ ነበሩ? ቴስታታው ስንት ጊዜ ተላጧል? ብሎኩን የለካው ሰው ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

ጊዜው ራሱ ይናገራል። በቀናት ውስጥ ከሄደ አገጣጠሙን ጠርጥሩ፤ የቆሸሸ ገጽ፣ ያልተስተካከለ ማጥበቅ ወይም ፈሳሽ የያዘ የብሎን ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። በወራት ውስጥ ከሄደ ወደ ማቀዝቀዣው አዘንብሉ። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ብቻ ውሃ የሚተፋ መኪና ደግሞ ሲሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ ወይም ውሃ የማያሳልፍ ራዲያተር ሊኖረው ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የጨመራችሁትን ውሃ በሚሊ ሊትር ለክታችሁ መዝግቡ። «ትንሽ ትንሽ ይጠጣል» ማለት ለማንም ሜካኒክ አይጠቅመውም።

ደረጃ 2፦ ውሃው ወደ ውጭ እየፈሰሰ አለመሆኑን አረጋግጡ

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ራዲያተሩን ሙሉና የግፊት ፓምፑን በክዳኑ ቦታ ግጠሙ።
2. ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ንፉ። 0.9 የሚል ከሆነ 0.9 ባር ነው። ከዚያ አትለፉ።
3. 20 ደቂቃ ጠብቁና ጌጁን እዩ።

ጌጁ ከወረደ በባትሪ ፈልጉ፦ የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ፣ የቱቦ ጫፎችን፣ የብሎኩን የጎን ታፖዎች (መድፈኛ ክዳኖች)፣ የራዲያተሩን ስፌት። የተሳፋሪውን ምንጣፍ አንሱና ዳስሱ። እርጥብ ከሆነና ጣፋጭ ሽታ ካለው የሚያፈሰው የካቢን ማሞቂያው ነው።

ጌጁ ወርዶ ውጭ ምንም ጠብታ ካልታየ ግፊቱን እንዳለ ተዉትና ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ። የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክና የነዳጁን መስመር አላቁ። ፊታችሁን ከካንዴላ ቀዳዳዎቹ አርቃችሁ ሞተሩን በማስነሻው አዙሩት። ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ ከተረጨ ሲሊንደሩን አገኛችሁ፤ ቁጥሩን ጻፉ።

የዘይት ክዳን ሥር ያለ ነጣ ያለ ክሬም ብቻውን ማስረጃ አይደለም። አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ይፈጠራል። ዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት የወተት ሻይ ከመሰለ ግን ሞተሩን አታስነሱት፤ ኩሽኔታዎቹ ያልቃሉ። ራዲያተሩ ውስጥ ቀይ ዘይት ያገኘ የአውቶማቲክ ማርሽ ባለቤትም ቴስታታ ከማስወረዱ በፊት ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን የማርሽ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስመርምር።

ደረጃ 3፦ የጠዋቱ ፈተና

ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ማታ መኪናውን ዳገት አስወጡትና አቁሙት። ጠዋት፣ ከማስነሳታችሁ በፊት፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨምቁ። በሙቀት የመጣ ግፊት ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። ከሲሊንደር ሾልኮ የገባ ጋዝ ግን ቀዝቅዞም እዚያው ሊቆይ ይችላል። ሌሊቱን ያደረ ቱቦ ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ፉሽ ካለ፣ የሚቃጠል ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ቀጥሎ ክዳኑን እንደተከፈተ ትታችሁ አስነሱ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የማያቋርጥ ቅንጣት አረፋ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነገር ግን በቅርቡ ውሃ ቀይራችሁ ከሆነ አረፋው የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። ያኔ አትፍረዱ፣ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 4፦ ሰማያዊው ፈሳሽ

1. ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ። የጭስ ማውጫ ጋዝ በታመቀበት ጋራዥ ውስጥ ውጤቱ ይዋሻል።
2. ከራዲያተሩ ውሃ ቀንሱ፤ ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ውሃ ወደ መሞከሪያው ከተሳበ ፈሳሹ ተበላሸ፣ መጣል ነው።
3. ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነስታችሁ አሙቁ። ውሃው ከፍ ካለ ጨምራችሁ ቀንሱ።
4. መሞከሪያውን አፉ ላይ አጥብቃችሁ ያዙና ጎማውን እየጨመቃችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል አየሩን በፈሳሹ ውስጥ ሳቡ።

ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተቀየረ በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ግን «ደህና ነው» ብላችሁ አትዝጉት። መጀመሪያ ፈሳሹ መሥራቱን አረጋግጡ፦ መሞከሪያውን ወደ ጭስ ማውጫው ጠጋ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡ። እዚያም ካልተቀየረ ፈሳሹ ሞቷል። ከተቀየረ መሞከሪያው ደህና ነው፤ መኪናው የሚያፈሰው ጭነት ሲበዛበት ብቻ ሊሆን ስለሚችል የጠዋቱን ፈተና በሌላ ቀን ድገሙት።

ይህ ፈተና ጋዝ መግባቱን ይነግራችኋል እንጂ በየት እንደገባ አይነግራችሁም። የተሰነጠቀ ቴስታታም ያንኑ ቢጫ ይሰጣል።

ደረጃ 5፦ የትኛው ሲሊንደር?

ካንዴላዎቹን በቅደም ተከተል ደርድሩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ ያህል ንጹህ የሆነው ውሃ የሚያስገባው ሲሊንደር ነው።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልብ ይበል። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ማኑዋሉ 13 ባር ካለ እዚህ 10 አካባቢ ማየት ጤነኛ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር «ደክሟል» ተብሎ ሲወርድ ያሳዝናል። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ልዩነቱ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሄዷል። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላ ቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ፤ ከፍ ካለ ችግሩ ፒስተኑን ከከበበው ፋሻ ነው።

ለመጨረሻ ማረጋገጫ የአየር ፈተናውን ሥሩ። የተጠረጠረውን ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ላይኛው ጫፍ አድርሱት። ሞተሩን ከሚያዞረው ብሎን ላይ ቁልፉን አንሱ፣ አየሩ በድንገት ሊያዞረው ይችላል። ከ5 እስከ 7 ባር አየር አስገቡና አዳምጡ፦

- ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ፦ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ
- በጎረቤት ካንዴላ ቀዳዳ ንፋስ፦ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን
- በጭስ ማውጫ ወይም በአየር ማስገቢያ በኩል ፉጨት፦ ቫልቭ
- በዘይት መሙያው በኩል፦ ፋሻ

ፒስተኑ ከጫፉ ትንሽ ካለፈ አየሩ ይገፋዋል። አየሩን አውጥታችሁ እንደገና አስተካክሉ እንጂ በእጅ ለማቆም አትታገሉ።

ደረጃ 6፦ ቴስታታው ሳይወርድ ማቀዝቀዣውን መርምሩ

ይህን ቴስታታው ከወረደ በኋላ ማድረግ አይቻልም፣ ሞተሩ አይነሳማ። ደጋግሞ የሚሄድ ጓርኒሲዮን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

*ክዳኑ።* አዲስ አበባ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ የ0.9 ባር ክዳን ይህን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ምንጩ የደከመ ክዳን ያለው መኪና ግን አንዳንዴ ፋኑ ገና ሳይነሳ ይፈላል። በግፊት ፓምፑ ሞክሩት። የማይይዝ ከሆነ ይቀየር፤ መኪናው ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

*ቴርሞስታቱ።* «አገራችን ሞቃት ነው» ብሎ ቴርሞስታት (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ዕቃ) አውጥቶ የሚጥል ሜካኒክ ብዙ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መስመር ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይሆንና የሞቀው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ ከሌለ መልሱት። ለመሞከር ድስት ውስጥ በቴርሞሜትር አፍሉት፤ 82 የተጻፈበት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ በመሆኑ ደጋ ላይ ድስት ውስጥ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ይህን አይታችሁ ደህናውን አትጣሉ።

*ራዲያተሩ።* የእጅ ሙቀት መለኪያ ካላችሁ ሞተሩ ሞቆ ፊቱን ሁሉ ለኩ። መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ የተደፈነ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ የጠጣ ራዲያተር ውስጡ ኖራና ዝገት ነው። «አንቲፍሪዝ በረዶ ላለበት አገር ነው» የሚለውን እርሱት፤ እኛ የምንፈልገው ዝገት መከላከያውን ነው።

*ፋኑ፣ ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ።* ፋኑ በሰዓቱ ይነሳል? በትክክለኛው አቅጣጫስ ይዞራል? ቺንጋው ይንሸራተታል? ፓምፑን ስትፈቱ ክንፎቹን እዩ፤ በዝገት የተበሉ ክንፎች ውሃ አይገፉም።

*የማቀጣጠያ ሰዓቱ።* ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዕቃ) ያለው ሞተር ላይ በታይሚንግ መብራት ለኩት። ከሚገባው ቀድሞ የሚያቀጣጥል ሞተር ዳገት ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ጓርኒሲዮኑን ከውስጥ እየመታው ነው።

ደረጃ 7፦ አውርዱ፣ አሮጌውን ግን አትጣሉ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ ፍቱ። ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ካርቶን ላይ በቦታቸው ሰኩ። አንዱ ብሎን ከሌሎቹ በቀላሉ ከተፈታ ቦታውን መዝግቡ። ቴስታታው ከተጣበቀ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ገጹ ከተጫረ አዲስ ማፍሰሻ ሠራችሁ።

ጓርኒሲዮኑ ሲወጣ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት፣ የፊቱንና የላዩን አቅጣጫ በማርከር ጻፉና ፎቶ አንሱ። ከዚያ አንብቡት፦

- በሲሊንደሩ ቀለበት ላይ የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር ጋዙ የሄደበት መንገድ ነው።
- በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ቀለበቱ ከተቃጠለ ሙቀት ወይም የላላ ማጥበቅ ነበረ።
- ቀለበቱ ተሰብሮ ወይም ወደ ውጭ ተገፍቶ ከሆነ ቀድሞ ማቀጣጠልን ጠርጥሩ።
- በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከተበላ ተቃራኒው የቴስታታ ገጽም ተበልቷል።
- በአንድ ጎን ያለው የመጨመቅ አሻራ ከደበዘዘ እዚያ በቂ አልጠበቀም።

ካለፈው ጊዜ የወጣው በእጃችሁ ካለ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ከሄዱ በዚያ ቦታ ያለው ብረት ጥፋተኛ ነው፤ ቴስታታው፣ ብሎኩ ወይም የብሎኑ ጥርስ። የተለያየ ቦታ ላይ ከሄዱ ሞተሩ በሞላ እየሞቀ ነውና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ይህን ያህል የሚናገር ሌላ ማስረጃ የለም፤ ጋራዡ ግን መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። «ስጡኝ» በሉ። ካስፈለገ ተቀየሙ።

ደረጃ 8፦ ለኩ፣ ብሎኩንም ጭምር

ገጾቹን በፕላስቲክ መፋቂያና በማሟሟቻ አጽዱ። በድሪል የሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት አትጠቀሙ። አሉሚኒየሙን ያጎደጉዳል፣ ብናኙም ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል።

ትክክለኛ ቀጥ ያለ የመለኪያ ብረት (የተማሪ ማስመሪያ አይሆንም) በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ አጋድሙ። ከሥሩ ፊለር ጌጅ የሚባሉትን ስስ የብረት ቅጠሎች ሞክሩ። በብዙዎቹ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ከማኑዋሉ እዩ። የ0.05 ቅጠል ከገባ ቴስታታው ተጣሟል።

ያንኑ ልኬት በብሎኩ ላይ ድገሙት። ቴስታታው ሁለቴ ሦስቴ ተልጦ ብሎኩ አንዴም ያልተለካባቸው መኪኖች አሉ። የተጣመመ ብሎክ ላይ ምንም ዓይነት ቴስታታ አይቀመጥም። ብሎኩ ከወሰኑ ካለፈ ሞተሩ ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም።

ቴስታታውን ከማስላጣችሁ በፊት ስንጥቅ አስፈትሹ። የውሃ መንገዶቹን ዘግቶ፣ አየር ሞልቶ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚነክር ቤት ፈልጉ። ሙቅ መሆኑ ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ስንጥቅ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። በተለይ በማስገቢያና በማስወጫ ቫልቮች መካከል ያለውን ቦታ ያሳዩአችሁ። ውፍረቱንም አስለኩ። ደጋግሞ የተላጠ ቴስታታ ከዝቅተኛው ልክ ካነሰ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ ቀጭ ቀጩም ይመለሳል። ያኔ ሌላ ቴስታታ ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ብሎንና ቀዳዳ

መጀመሪያ በተወሰነ ልክ ጠብቀው ከዚያ በዲግሪ እየዞሩ የሚጠብቁ ብሎኖች እየተለጠጡ የሚሠሩ ናቸው። ማኑዋሉ ርዝመታቸውን ለኩ ካለ ለኩ፣ ቀይሩ ካለ ቀይሩ። ከተጠራጠራችሁ ቀይሩ።

በብሎክ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ጥርስ አጽዱና በአየር ንፉ፣ መነጽር አድርጉ። ቀዳዳው ሥር ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ፈሳሹን ይጨምቃል። ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) «ጠብቋል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም። ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ካገኛችሁ በእልህ አታጥብቁ፤ ቶርኖ ቤት አዲስ ጥርስ ይግባለት።

ደረጃ 10፦ መመለስ

ብዙ ንብርብር ብረት ያለው ጓርኒሲዮን የተሻለ ነው ተብሎ ይሸጣል። እውነት የሚሆነው ገጾቹ በጣም ለስላሳ ሲሆኑ ነው። ብሎኩ ካልተላጠና ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ የተሠራለትን ዓይነት ግጠሙ። ማኑዋሉ ካላዘዘ ማስቲሽ (የማሸጊያ ማጣበቂያ) አትቀቡ። የዘይት ቀዳዳው መግጠሙን እዩ።

የብሎኑን ጥርስና የጭንቅላቱን ሥር ቀጭን ዘይት ቀቡ። ከመሃል ወደ ዳር፣ ማኑዋሉ በሚለው ዙርና ልክ አጥብቁ። በክንድ ግምት የሚያጠብቅ ሜካኒክ ልምዱ ስንት ዓመት ቢሆንም አይታመን። ብሎን ሲጠብቅ ድንገት ከላላ አቁሙ፣ ያ ቀዳዳ ሄዷል።

ውሃውን ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁሙ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ክዳኑ ተከፍቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ አየር ታምቋል ማለት ነው፤ መኪናውን እንዲህ አታስኬዱት።

ከጥገናው በኋላ

ለሁለት ሳምንት የጠዋቱን ልኬት መመዝገብ ቀጥሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታመቀ አየር ሲወጣ ትንሽ መቀነሱ አያስደነግጥም፣ ከዚያ ግን መቆም አለበት። ሳይቆም ከቀጠለ መጀመሪያ ደረጃ 2ን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን ፈሳሽ ድገሙ። ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ጠዋት ቱቦው ለስላሳ ከሆነ ቴስታታውን ገና አትንኩ፤ ብዙ ጊዜ ውሃው የሚሄደው በፓምፕ፣ በቱቦ ወይም በካቢን ማሞቂያ ነው።